የ16 ሺህ ብር ጋን፣ የ22 ሺህ ብር ምድጃ

«ጋን መጣልኝ» ብዬ ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ ደስ አላት። ለኅዳር ሚካኤል ጠላ ልንጠምቅ መስሏት ነው። ካርቶኑን ስከፍተው የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል ጥቁር ፕላስቲክ፣ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው አጭር ሽቦ ወጣ። «ይሄ ነው ጋኑ?» አለች። ይሄ ነው። ቀለም መርጫ ጋን። ያውም ፈሳሽ ቀለም ሳይሆን ዱቄት የሚረጭ።

የምኖረው ገላን ነው። ቃሊቲንና አቃቂን አልፎ፣ በደብረ ዘይት መንገድ። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለው ኮረኮንች መኪና አያስተርፍም። የኔዋ ቪትዝ ናት፣ 14 ቁጥር የአልሙኒየም ቸርኬ ያላት። ስገዛት ቸርኬዎቿ ብርማ ነበሩ። አምና ግን ልክ እንደ ተላጠ ድንች ሆነው ነበር። ግማሹ ቀለም ተነስቷል፣ ከሥሩ ነጭ ዝገት የመሰለ ነገር ፈልቷል። አንዴ በጣሳ ስፕሬይ ጥቁር ቀብቻቸው ነበር። ሦስት ወር አልቆየም። ጎሚስታው ጎማ ሲያወጣ የብረቱ ማንሻ የነካው ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፈፈ።

ፓውደር ኮቲንግ የሰማሁት ያኔ ነው። የቢሮ ወንበር እግር፣ የአልሙኒየም መስኮት፣ የፍሪጅ ውጪ፣ ብዙዎቹ የሚቀቡት በዚህ ነው። ቀለሙ ደረቅ ዱቄት ነው። ቲነር የለው፣ ሽታ የለው። ጋኑ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ይሞላውና ብረቱ ላይ ይረጨዋል። ልጆች ሆነን ማበጠሪያ ፀጉራችን ላይ አሽተን ብጣሽ ወረቀት እናነሳ አልነበር? ነገሩ እሱ ነው። ዱቄቱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ 200 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል፣ ይያያዛል፣ ይበስላል። አንዴ ከበሰለ ተመልሶ አይቀልጥም። ጥንካሬው ከዚያ ነው።

አንድ ሥራ ቤት ዋጋ ጠየቅሁ። ለአንድ ቸርኬ 4,000 ብር አሉኝ፣ ለአራቱ 16,000። በዚያው ሰሞን የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሊመጣ ነበር። ጋኑን በ16,500 አመጣልኝ። «በዚሁ ዋጋ ዕድሜ ልኬን የምቀባበት ዕቃ ገዛሁ» ብዬ ተደሰትኩ። ሒሳቤ ትክክል ነበር፣ ምድጃ የሚባል ነገር መኖሩን እስክታስቡ ድረስ።

መጀመሪያ ስለ ጋኑ ልንገራችሁ፣ ግምገማው የእሱ ነውና።

ቻይና ሠራሽ ነው። ወረቀቱ ላይ 15,000 ቮልት ይላል። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፣ የሚያልፈው ከረንት ከቁጥር የማይገባ ነው። አይገድልም፣ ግን ይነክሳል። አንዴ ነክሶኝ ጋኑን ጥዬዋለሁ፣ እሱም አልተሰበረ። የፋብሪካ ጋኖች እስከ 100,000 ቮልት ይደርሳሉ፣ ስለዚህ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው ማለት ይቻላል። ግን ለቸርኬ ይበቃል። ዱቄቱ የሚገባበት ከሥሩ የሚጠመድ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ቀለም መቀየር ሲያስፈልግ ኩባያውን ፈትቶ በአየር መንፋት ብቻ ነው። ይሄን ወድጄለታለሁ። የሚፈልገው አየር ጥቂት ነው፣ እኔ የአየር ግፊቱን 10 ፒ ኤስ አይ ላይ አድርጌ ነው የምሠራው። የጎሚስታው ትንሿ ኮምፕሬሰር ከበቂ በላይ ናት። ግን አየሩ ደረቅ መሆን አለበት። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ካለ ዱቄቱ እንደ ረጠበ በሶ ይጓጉላል። መሐል ላይ የውኃ ማጣሪያ ሳታስገቡ አትጀምሩ።

የማልወደው ሽቦውን ነው። መቆንጠጫ ያለበት የመሬት ሽቦ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። መመሪያው ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ቮልቱን ከፍና ዝቅ ማድረጊያም የለውም። ይሄ የመጨረሻው ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የመጀመሪያ ሙከራዬ የሚያሳፍር ነበር። ቁራጭ ላሜራ ግቢ ውስጥ ሰቀልኩ፣ ጋኑን ሰካሁ፣ ረጨሁ። ጥቁር ጭስ የመሰለ ዱቄት ወጣ፣ ላሜራውን ነካ፣ እግሬ ሥር ረገፈ። ጫማዬ ከላሜራው በተሻለ ተቀባ። ጋኑ የተበላሸ መስሎኝ የአጎቴን ልጅ ደውዬ ተቆጣሁት። ምስኪን።

ጥፋቱ የቤቴ ነበር። ሶኬቴ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ከምንም አልተገናኘም። ቤቱን የሠራው ኤሌክትሪሺያን ለመልክ ነው የተወው። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ተሞልቶ ሲመጣ ብረቱ ደግሞ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት፣ አለዚያ የሚስበው የለም። አንድ ሜትር ተኩል ፌሮ ገዝቼ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ፣ መሬቱ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነበት ቦታ ላይ በመዶሻ ቀበርኩት። ጨው የተበጠበጠበት አንድ ባልዲ ውኃ አፈሰስኩበት። ከፌሮው ወደ መስቀያው ወፍራም ሽቦ ሳብኩ። የመስቀያውን ቀለም በሞረድ ፋቅሁ፣ ምክንያቱም ቀለም የተቀባ ብረት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

እንደገና ረጨሁ። ከፊት ለፊት ነው የረጨሁት፣ ዱቄቱ ግን ዞሮ ጀርባውንም አለበሰው። እንደ ሕፃን ልጅ ጮህኩ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ አየችና «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ያቺ ፌሮ ግቢያችን ውስጥ ስሟ «ጠጠር» ነው።

አሁን ወደ ምድጃው።

ምናለሽ ተራ ሄጄ አሮጌ ባለ አራት ምድጃ ስቶቭ በ4,000 ብር ገዛሁ። ከሥሩ ኦቨን ያለው ነው። በሜትር ለክቼ ነው የገዛሁት። 14 ኢንች ማለት 35 ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው፣ የኦቨኑ ስፋት 38። ይገባል! ቤት መጣሁ፣ ቸርኬውን አነሳሁ፣ አልገባም። በአንድ ጣት ያህል። ለካ 14 ኢንች የሚባለው ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ነው፣ ከንፈሩ ከዚያ ወጣ ይላል። የኔ ቸርኬ ከጫፍ እስከ ጫፍ 39 ሴንቲ ሆኖ ተገኘ። ቸርኬያችሁን በቁጥሩ ሳይሆን በሜትር ለኩ። አራት ሺህ ብር የከፈልኩበት ትምህርት ነው፣ በነፃ ውሰዱት።

ስቶቩ ግን አልባከነም። አፈረስኩት። ቴርሞስታቱን፣ የመስታወት በሩን፣ በጎንና በጎኑ የተሞላውን የመስታወት ጥጥ አወጣሁ። ጥጡን ስትነኩ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ እኔ ሳላደርግ ሁለት ቀን ሙሉ ሳክክ ነው የከረምኩት። ከዚያ ወደ ሰፈራችን በያጅ ሄድኩ። ድርብ ግድግዳ ያለው የላሜራ ሳጥን አሠራሁ፣ ውስጡ 55 በ55፣ ከፍታው 50። መሐሉ ላይ ጥጡ ይገባል፣ የጎደለውን ገዝቼ ሞላሁ። ልጁ ሥራውን ሲጨርስ «ጋሼ፣ ይሄ ለዳቦ ነው?» አለኝ። አይደለም። አማቴም ድፎ ዳቦ እንጋግርበት ብለው ነበር። ቀለም የገባበት ምድጃ ምግብ አይገባበትም። ይሄን ለአማቴ ማስረዳት ምድጃውን ከመሥራት ይከብድ ነበር።

ሙቀቱን የሚሰጠው የእንጀራ ምጣድ ሽቦ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፒር ማለት ነው። ሁለት ሽቦ ላስገባ ፈልጌ ነበር፣ የቤቴ መስመር ግን አይችልም። በአንዱ ተወሰንኩ። ለብቻው 20 አምፒር ብሬከር፣ ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከቆጣሪው አስሳብኩ። የስቶቩ ቴርሞስታት ይህን ሁሉ ጭነት በቀጥታ እንዳይሸከም መሐል ላይ ኮንታክተር፣ ማለትም ከባድ ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ አስገባን። ይህን ሥራ ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ። የኔ ድፍረት ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። ሽቦው ከታች ስለሆነ የቸርኬውን የታችኛው ጠርዝ በቀጥታ ይጠብሰዋል፣ ላዩ ገና ሳይሞቅ። ከሽቦው በላይ አንድ ላሜራ ጋረድኩበት። ሙቀቱ በጎን ዞሮ ይወጣል፣ ተስተካከለ። ምድጃው ከቅዝቃዜ ተነስቶ 200 ዲግሪ ለመድረስ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁሉም ተደምሮ፣ ከስቶቩ ጋር፣ 22,300 ብር ወጣበት። ከጋኑ በላይ ማለት ነው።

ደግሞ የሰዓት ችግር አለ። ባለቤቴ እንጀራ የምትጋግረው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለታችንም አንድ ላይ ከፈትን። የቆጣሪው ብሬከር ወደቀ። ምጣዱ ላይ ሊጥ ፈስሶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕና ቅዳሜ የሷ ናቸው፣ ክርክር የለም።

ለመጀመሪያ የቀባሁት ትርፍ ጎማውን ነበር፣ የብረት ቸርኬ ነው። እሱ ቢበላሽ ማን ያየዋል ብዬ። ዱቄቱን በቅርብ ካለ የቤት ዕቃ ከሚሠራ ቦታ የተረፈ ብለው በርካሽ ሰጥተውኛል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ በአሴቶን ጠረግሁት፣ ረጨሁት፣ ጋገርኩት። በሩ መስታወት ስለሆነ ሁሉም ይታያል። ዱቄቱ መጀመሪያ ደብዛዛ ነው። ከዚያ ጫፎቹ መላብ ይጀምራሉ። ከዚያ መላው ቸርኬ እንደ ቀለጠ ቅቤ ያብለጨልጫል። ልጄ ወንበር አምጥታ ከቴሌቪዥን ይልቅ እሱን ስታይ አመሸች። ሲወጣ እንከን የለውም። የመጀመሪያው ውጤት እንዲህ ሲያምር ሰው ይታበያል። እኔም ታበይኩ።

በሚቀጥለው ቀን የአልሙኒየሙን የኋላ ግራ ቸርኬ አነሳሁ። ይህ ቸርኬ የጥፋቴ መዝገብ ነው። ያላበላሸሁበት ነገር የለም።

አንደኛ፣ በቀጥታ ቀብቼ አስገባሁት። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስመለከት ቀለሙ ቀለጠ፣ አብለጨለጨ፣ ከዚያ ዓይን ማውጣት ጀመረ። ልክ ምጣድ ላይ እንዳለ እንጀራ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ለእንጀራ ሙያ ነው፣ ለቸርኬ ግን ነውር። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ የአልሙኒየም ቸርኬ በአብዛኛው ቀልጦ የፈሰሰ ነው፣ ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት፣ እርጥበት፣ አየር ለዓመታት ተቀብሯል። ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲወጣ ቀለሙን ይበሳዋል። መድኃኒቱ ቸርኬውን ባዶውን፣ ያለ ቀለም፣ አስቀድሞ መጋገር ነው። እኔ አሁን 200 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ አቆየዋለሁ። የወጣውን ቅባት በአሴቶን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ነው ቀለም የሚረጨው። ከዚህ በላይ ሙቀት አታብዙበት። ቸርኬው ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ በተሰጠ ሙቀት ነው። ደጋግሞ ከልክ በላይ ማሞቅ ያለሰልሰዋል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ቸርኬንም በዱቄት አትሸፍኑ። ስንጥቁን አይደፍነውም፣ ይደብቀዋል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ቸርኬውን ከመኪናው ጋር በሚያስሩት ዳዶዎች መቀመጫ ላይ ቀለም ረጨሁ። ዳዶው የሚያርፍባቸው ሾጣጣ ቀዳዳዎች ቀለም አይፈልጉም። ዳዶውን ስታጠብቁ ከሥሩ ያለው ቀለም ይደቃል፣ ይሳሳል፣ ዳዶው ይላላል። አስሬ ነዳሁ። በሦስተኛው ቀን ቃሊቲ ማሠልጠኛ አካባቢ ከኋላ ቷ፣ ቷ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎሚስታ ጋ ቆሜ ሲፈተሽ ሁለት ዳዶ በእጅ ይዞራል። እንኳን ፈጣን መንገዱ ላይ አልወጣሁ። ቤት መልሼ መቀመጫዎቹን እስከ ንጹሕ ብረት ፋቅኳቸው፣ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበትን የጀርባ ፊትም እንዲሁ። አሁን ሙቀት በሚችል ቴፕ ሸፍኜ ነው የምረጨው። ዳዶውን በ103 ኒውተን ሜትር አጠብቃለሁ፣ ለቪትዝ የሚባለው እሱ ነው፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ደግሞ እፈትሻለሁ። በጋኑ ላይ አታላኩት፣ ይሄ የኔ ድንቁርና ነው።

ሦስተኛው ጥፋት ዱቄቱ ራሱ ነበር፣ እሱ ግን የታወቀኝ ብዙ ወር ቆይቶ ስለሆነ ወደኋላ ላቆየው።

ለተቀሩት ሦስቱ አደብ ገዛሁ። ቃሊቲ ወስጄ በአየር ግፊት አሸዋ አስነፋሁባቸው፣ አንዱን በ500 ብር። የቀድሞው ቀለም፣ ዝገቱ፣ የፍሬኑ ጥቀርሻ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ኖራ ነጭ ሆነው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አይነኩም፣ የጣት ቅባት ከቀለሙ ሥር ይቀራል። አንድ ጎረቤቴ «ምን አሸዋ ያስፈልጋል፣ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ዘፍዝፈው» ብሎኝ ነበር። ለብረት ይሆናል። አልሙኒየምን ግን ኮስቲክ ሶዳ ይበላዋል፣ ከቀለሙ ጋር ቸርኬውንም ታጣላችሁ።

ቮልት ማስተካከያ የለውም ያልኳችሁ እዚህ ጋ መጣ። የቪትዝ ቸርኬ በእግሮቹ መሐል ጠባብ ጥጋጥግ አለው። ዱቄቱ ወደ ጥጉ መግባት እንቢ ይላል፣ ቅርብ ያለው ጠርዝ ይስበዋል። ማይክል ፋራዴይ በ1836 እ.ኤ.አ. በብረት የታጠረ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደማይገባ ያሳየው ነገር ነው፣ ገላን ድረስ መጥቶ አስቸገረኝ። ጥሩ ጋን ያለው ሰው ቮልቱን ዝቅ አድርጎ ይገላገላል። እኔ ሌላ መላ ፈለግሁ። አየሩን ቀነስኩ፣ ከጥጋጥጉ ጀመርኩ፣ ገላጣውን ፊት መጨረሻ አደረግሁ። ሰው እጁ ደስ ወዳለው ወደ ፊቱ ነው የሚሄደው፣ እሱ ስህተት ነው። አልገባ ላለው ጥግ ደግሞ ቸርኬውን ለብ አድርጌ ረጨሁ። ዱቄቱ ትኩሱን ሲነካ እዚያው ይያዛል። ግን ቶሎ ይወፍራል፣ እጃችሁ ፈጣን ይሁን።

አንድ ቀን እየረጨሁ ሳለ ባለቤቴ ከበረንዳው ላይ ቡና ልታፈላ ፈርኔሎ ከሰል አያያዘች። በሩጫ ነው የደረስኩት። ይህ ዱቄት አየር ላይ ሲበተን እንደ ማንኛውም ደቃቅ የሚቃጠል ብናኝ ነው። እሳት ካገኘ ይፈነዳል። በዚያ ሰዓት ከሰል የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ዕጣን የለም። ቡናው ከመርጨቱ በኋላ ሆነ። ማስክ ደግሞ ሳትዘነጉ፣ ምሽት ላይ ጥቁር ንፍጥ ማየት ካልፈለጋችሁ።

የሙቀት መለኪያዬ ከሩቅ የሚያነብ ዓይነት ነው፣ 2,500 ብር። ያለሱ አትሞክሩት። የምድጃው መዘውር 200 ሲል ቸርኬው ገና 160ዎቹ ውስጥ ነው። ባዶ የሚያብለጨልጭ አልሙኒየም ላይ መለኪያው ይዋሻል፣ ቀለም የተቀባ ቦታ ላይ ግን ደህና ያነባል። ደቂቃ መቁጠር የሚጀመረው ቸርኬው ራሱ ሙቀቱ ላይ ሲደርስ ነው። የኔ ወደ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከዚያ 190 ላይ 15 ደቂቃ እቆጥራለሁ።

ሦስተኛውን ቸርኬ እየጋገርኩ መብራት ሄደ። ቀለሙ ቀልጦ ማብለጭለጭ በጀመረበት፣ ደቂቃ ልቆጥር ስል። በጨለማ ቁጭ ብዬ ምድጃው ሲቀዘቅዝ አዳመጥኩ። መብራት የመጣው ሌሊት ነው። ጠዋት ሳየው አዲስ ይመስላል፣ ጥቁር፣ የሚያበራ። ለልጄ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሆን አሴቶን በጥጥ ነክሬ ጀርባውን አሸሁት። ጥጡ ጥቁር ሆነ። ቀልጧል፣ ግን አልበሰለም። እንዲህ ያለውን ቸርኬ መኪና ላይ ብታስሩት የመጀመሪያው ጠጠር ያነሳዋል። መልሼ አስገባሁት፣ ሙሉውን ሙቀት፣ ሙሉውን ደቂቃ። እንደገና በጥጥ አሸሁት፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ ቀረ። ይሄ የጥጥ ፈተና ከምንም በላይ ጠቅሞኛል። መብራት ባይሄድ አላውቀውም ነበር።

አሁን ጥቅምት ላይ የጀመርኩት ሥራ ሐምሌ ገብቶበታል። ዘጠኝ ወር። ሦስቱ ቸርኬዎች እንዳሉ ናቸው። አንዱ ላይ ከንፈሩ ጋ ጠጠር የመታው ነጥብ አለ፣ ግን አልተላጠም፣ አልተስፋፋም። ጎሚስታው ሁለት ጊዜ ጎማ አውልቋል፣ ጭረት እንጂ ግፋፊ የለም። ኮረኮንቹን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የኋላ ግራው ግን ፊቱን አጥቷል። ጥር ላይ ብርሃኑ ደበዘዘ። መጋቢት ላይ ጣቴን ሳሽበት ጣቴ ላይ ግራጫ ዱቄት ቀረ፣ እንደ ጠመኔ። ሦስተኛው ጥፋት ይሄው ነው። ያ ከቤት ዕቃ ሠሪዎቹ የተረፈው ዱቄት ኤፖክሲ የተቀላቀለበት ነበር፣ ለቤት ውስጥ የሚሆን። ኤፖክሲ ብረት ላይ ሲጣበቅ ወደር የለውም፣ ፀሐይ ግን አይችልም። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አልፈን ነው ያለነው፣ የበጋው ፀሐይ ምሕረት የለውም። ለሌሎቹ ሦስቱ የተጠቀምኩት ለአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሆን ፖሊስተር ነው። ያኔ የገዛሁት የፊተኛው ስላለቀብኝ ብቻ ነው፣ አውቄ አይደለም። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት የሚያበሩ፣ የመጀመሪያው ሰሞን ለይቶ የሚያውቃቸው አልነበረም። ዱቄት ስትገዙ ቀለሙን ሳይሆን የውጪ ነው ወይስ የውስጥ ብላችሁ ጠይቁ። ትርፍ ጎማው በዚያው ኤፖክሲ የተቀባ ነው፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ፀሐይ ሳያየው ዛሬም ሙሽራ ነው።

ወደ ገንዘቡ። ጋኑ፣ ምድጃው፣ ሁለት ኪሎ ዱቄት፣ ቴፑ፣ መለኪያው፣ አሸዋው፣ ሁሉ ተደምሮ 46,900 ብር ወጥቶብኛል። ሥራ ቤቱ የጠየቀኝ 16,000 ነበር። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የዘጠኝ ወር ጭቅጭቅና የአማቴን ድፎ ዳቦ አልቆጠርኩም። ስለዚህ አራት ቸርኬ ብቻ ያላችሁ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ይህን ጋን አትግዙ። ለሥራ ቤት ስጡ። ስትሰጡ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ባዶውን አስቀድመው ይጋግሩታል ወይ፣ ዱቄቱ የውጪ ነው ወይ፣ የዳዶውን መቀመጫ ይሸፍናሉ ወይ። ሦስቱንም አዎ ካሏችሁ 4,000 ብር ውድ አይደለም። አሁን ነው የገባኝ።

ግቢ ያላችሁ፣ ብረት መነካካት የምትወዱ፣ አሥር ዕቃ ልትቀቡ ያሰባችሁ ግን ግዙት። ጋኑ ራሱ አላሳፈረኝም። በዘጠኝ ወር የተበላሸበት የኩባያው የጎማ ቀለበት ብቻ ነው፣ እሱንም ሶማሌ ተራ በተገኘ የፍሬን ጎማ ተካሁት። አጭሩን ሽቦ በረጅም ቀይሩት፣ የውኃ ማጣሪያ ጨምሩ፣ ሌላ ምንም አትጠብቁ። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የጎደለችው አንዷ የቮልት ማስተካከያው ናት።

የኔው ወጪውን ቀስ እያለ እየመለሰ ነው። የልጄን ብስክሌት ቀይ አድርጌዋለሁ። የጎረቤታችን የእትዬ በር ማጠፊያዎች ገብተው ወጥተዋል፣ እሳቸው በገንዘብ ፈንታ አንድ ጆግ ጠላ ልከዋል፣ ባለቤቴም «ይኸው ጋኑ ጠላ አመጣ» አለች። ከሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች አንዱ ሦስት ቸርኬ አምጥቶ በረንዳው ላይ ደርድሮልኛል። የብረት ናቸው፣ ትንንሽ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይገባሉ። የፈለገው ቢጫ ነው። «ነገ ይደርሳል፣ ጋሼ?» ብሎኝ ነበር። ነገ ቅዳሜ ነው፣ የምጣድ ቀን። እሑድ ከሰዓት ና አልኩት።